በሦስት ሺህ ብር የማይገዛ አስቤዛ

ሰኔ 30 ቀን 2017፣ ሰኞ

ዛሬ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከብኩ። ሃያ ሰባት ዓመት የኮሌጁ ንብረት በእኔ እጅ ነበር። ርክክቡ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ፤ አንድ ወንበር አልጎደለም፣ አንድ ወንበርም አልበለጠም። ተረካቢው «ጋሼ፣ ቢበልጥ ምን ችግር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ሰው ነው ቁልፉን የወሰደው። ጉድለት በስህተት ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይደክመዋል፣ ይረሳል። ብልጫ ግን በስህተት አይመጣም። መደርደሪያው ላይ ከመዝገቡ በላይ ዕቃ ከተገኘ አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋል ማለት ነው። ይህንኑ አስረድቼው ወጣሁ።

ኬክ ቆረጡልኝ፣ ጃንጥላ ሸለሙኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ እቴነሽ «እንኳን ደስ አለህ፣ አሁን ታርፋለህ» አለችኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው? ይህን ደብተር ስመለስ ገዛሁት። በራሴ ገንዘብ ነው፣ ከመጋዘን ያወጣሁት አይደለም።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ከቁርስ በኋላ እቴነሽን አስቀምጬ አነጋገርኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት የቤቱን ቦርሳ የያዘችው እሷ ናት። እኔ ደሞዜን አምጥቼ እሰጣለሁ፣ ምግብ ይቀርባል፣ እበላለሁ፤ ምን ከየት እንደሚገዛ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጡረታው አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ እንደ ድሮው አይሆንም። ከእንግዲህ ቦርሳው እኔ ጋ ይሆናል አልኳት።

በጀቱን አነበብኩላት። አስቤዛ ሦስት ሺህ። መብራትና ውሃ አምስት መቶ። እድርና ቤተ ክርስቲያን ሦስት መቶ። የእኔ የደም ግፊት ክኒን አምስት መቶ። ለመስቀል በሬ ከእነ ጓደኛዬ ተካ ጋር የምጥለው እቁብ ስድስት መቶ፤ እሱ አይነካም። መጠባበቂያ ሦስት መቶ። የአስቤዛውን ዝርዝር ለብቻው ጻፍኩላት፦ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ እያንዳንዱ ከነዋጋው። ዋጋውን በቃሌ ከማውቀው ነው የጻፍኩት፤ ለተማሪዎች ምግብ ቤት ዕቃ ሲገባ ስንት ጊዜ ፈርሜ ተረክቤያለሁ። ቅቤ የሚለውን አልሞላሁትም። ቅቤ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ የመስቀል በሬ ከወንድ፣ ቅቤው ከሴት ነው። አባቴም አልጠየቀም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«ከዝርዝሩ ውጪ አንድ ሳንቲም የለም» አልኳት።

«ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ቢኖርስ?»

«ምን ያስፈልጋል? ሁለት ሰው ነን።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንዳኮረፈች ገባኝ፤ ቦርሳ መልቀቅ ቀላል አይደለም። ከዚያ «እሺ፣ አንተ ካልክ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። አላነበበችውም። ይህም ንቀት ነው፣ ግን አለፍኩት።

ሐምሌ 3

ሁሉንም ገዝታ መጣች። አንድም አልቀረም። አርባ ብር መለሰችልኝ! በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ገንዘብ እንደባከነ አሰብኩና ተናደድኩ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ተካ ጋር ሻይ ጠጣን። እሱም ዘንድሮ ነው ጡረታ የወጣው፤ ከሚስቱ ጋር በአስቤዛ ሳቢያ በየቀኑ እንደሚጨቃጨቁ ነገረኝ። አምስት ሺህ አልበቃ አለን አለ።

«እኔ በሦስት ሺህ ነው የምኖረው» አልኩት።

«በየትኛው ገበያ?»

«በዚሁ በወልቂጤ ገበያ። ዝርዝር ነው ቁም ነገሩ። ሴት በዝርዝር ካልያዝካት ገንዘብ ውሃ ነው።»

ዝርዝሩን ልቅዳው ብሎ ለመነኝ። ነገ አመጣልሃለሁ አልኩት። ሃያ ሰባት ዓመት ስሠራ ተካ አንድ ቀን እንኳ አድንቆኝ አያውቅም፤ ዛሬ አደነቀኝ። ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ ደበደበኝ፣ ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ 20

ምስር ውስጥ ጠጠር። ጥርሴን ሰበረኝ ማለት ይቻላል። «ለምን አትለቅሚውም?» ብላት «ለቅሜዋለሁ» አለች። ሥራ ጠልታለች። ቦርሳው ከተወሰደባት ወዲህ ልቧ ቤት ውስጥ የለም።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

በቀን መብራት ታበራለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጓዳ ገብቼ አጠፋሁት። ተመልሼ ስሄድ በርቷል። «ክረምት ነው፣ ጨልሟል» አለችኝ። ለእኔ ምንም አልጨለመም። የመብራት በጀት በእሷ እልህ ሊፈርስ ነው።

ደግሞ ዛሬ የጓዳውን በር መቃን በግንባሯ መታችው። እብጠቱ እንቁላል ያህላል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ሐሳብ ይዞኝ» አለች። የምን ሐሳብ? ምን የሚያሳስብ ነገር አላት? እኔ ነኝ ሁሉን የማስበው።

ነሐሴ 1

ሁለተኛው ወር። ፍልሰታ ገባ። ሦስት ሺህ ሰጠኋት፣ ሁሉንም አምጥታ ደረደረችው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ዘይት ይዤ ልግባ ብዬ ሸረፋ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሸረፋ ከእኛ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ነው። ሁለት መቶ ብር ሰጥቼው መልስ ጠበቅኩ።

«ጋሽ ለማ፣ አንድ መቶ አስር ይጨምሩ» አለኝ።

«ለአንድ ሊትር?»

«ወላሂ፣ ለሌላ ሰው ሦስት መቶ ሃያ ነው የምሸጠው።»

ዝርዝሬ ላይ ዘይት አንድ መቶ ዘጠና ነው። የጤፉን ጠየቅኩት። እኔ ዘጠና ብዬዋለሁ፤ እሱ መቶ አርባ አምስት አለኝ። ሽሮ ጠየቅኩ፣ ምስር ጠየቅኩ፣ ሳሙና ጠየቅኩ። ሸረፋ በመጨረሻ «ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ዘይቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ነሐሴ 5

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። በዛሬ ዋጋ የእኔ ዝርዝር የሚገዛው በአራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር ነው። እኔ የምሰጣት ሦስት ሺህ። ዕቃው ግን ሙሉ ሆኖ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። አይቼዋለሁ፣ በኪሎ መዝኜዋለሁ፣ አልጎደለም። በዚያ ላይ አርባ ብር መልስ አምጥታለች።

ስለዚህ በየወሩ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር የሚያህል ዕቃ ከማላውቀው ቦታ ቤቴ ይገባል። ይህ ብልጫ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብልጫ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ዝም ይባላል፣ ይጠበቃል፣ ሰውየው ራሱ ይወጣል። እሷን ብጠይቃት ትዘጋጃለች። አልጠይቃትም።

ለተካ ዝርዝሩን እስካሁን አልሰጠሁትም። አሁንማ ምን ብዬ እሰጠዋለሁ?

ነሐሴ 6

የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በስክሪብቶ ምልክት አደረግኩ። የሽሮውንም ዕቃ እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ጓዳ ብቅ ስል እቴነሽ ጠርሙሱን በጣቷ ከታች ወደ ላይ ትዳስሳለች። ምልክቱን እየፈለገች ነው። ማን ነገራት?

ነሐሴ 9

አዲስ አበባ ለዮሲ ደወልኩ። ልጄ አውቶቡስ ተራ ጋ ሱቅ አለው። ጡረታ ስወጣ በየወሩ ልርዳችሁ ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ልጄ ትዳር ይያዝበት እንጂ እኔን አይጦርም። እናቱ ከጀርባዬ እየተቀበለችው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ለእናትህ ብር ትልካለህ?»

«ልኬ መለሰችልኝ፣ አባዬ። አባትህ ከሰማ ይከፋዋል አለች።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«በእግዚአብሔር። ለመሆኑ ያንን ነገር ቀጠለች ወይ?»

«የቱን ነገር?»

«ተወው፣ ራሷን እጠይቃታለሁ» ብሎ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። በወልቂጤ ስለሚዘንበው ዝናብ እሱ ምን አገባው? እናትና ልጅ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ። ልጄም ከእሷ ጋር ሆነ ማለት ነው። ይህ በጣም ከፋኝ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

ከመስኮት ሆኜ አየሁ። እቴነሽ ሸረፋ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆማለች። እሱ ወጣና ክርኗን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። ሦስት ደረጃ ናት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሽባ አይደለችም። ደግሞ ታች ከወረደችም በኋላ ወዲያው አልለቀቃትም፤ የጎርፉን ቦይ አሻግሯት ነው የተመለሰው። የሸረፋ ሚስት ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

የለም። ይህን አልጽፍም።

ነሐሴ 14

ጻፍኩት እንግዲህ፤ ገጹን መቅደድ ደግሞ አልወድም። እቴነሽ እንደዚያ ያለች ሴት አይደለችም። ግን ዘይቱ የእሱ ሱቅ ዘይት ነው። ሽሮውም የእሱ ነው። በሦስት ሺህ ብር የአራት ሺህ ስድስት መቶ ዕቃ የሚሰጥ ነጋዴ በዚህ ከተማ የለም፤ ጉራጌ ነጋዴ ደግሞ ጭራሽ አያደርገውም። ቤቴ ሊፈርስ ይሆን? በስድሳ ዓመቴ የሰው መሳቂያ ልሆን ይሆን?

ራቱን ስታቀርብ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። ውሃ እየጠጣሁ ጨረስኩት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ተከተልኳት። ገበያ ነው የምሄደው ብላ ወጣች፤ እኔ የሸለሙኝን ጃንጥላ ዘርግቼ ከኋላ። ያሳፍራል ይህን ማድረግ፣ አውቃለሁ። መናኸሪያው ጋ ወደ አገናና ወደ እምድብር የሚሄዱ ሚኒባሶች መንገዱን ዘግተውት ስለነበር ጠፋችብኝ። ዞር ስል ፊት ለፊት እየመጣች ነው። መሸሸጊያ አልነበረኝም። ጃንጥላውን አጠፍኩና ቆሜ ጠበቅኳት፤ የምላትን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ፊት ለፊቴ መጣች፣ አይኗ አይኔ ላይ አረፈ፣ አለፈችኝ። ክንዷ ክንዴን ሊነካኝ ምንም አልቀረውም። ፈገግታ የለም፣ መደንገጥ የለም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኩት ሰው እንደ መብራት ምሰሶ አለፈችኝ።

ማታ «ገበያ ማንን አገኘሽ?» አልኳት።

«ማንንም።»

«እኔንስ?»

«አንተ ደግሞ ገበያ ምን ታደርጋለህ?» አለችና ሳቀች። እንዲህ ያለ ድፍረት እንዳላት አላውቅም ነበር። ሳቋ ውስጥ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አለመኖሩ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ነሐሴ 27

ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ሐና ከእቴነሽ ጋር በአጥር በኩል ሲያወሩ ሰማሁ። እትዬ ወለተ ሐና የሰፈሩ ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በዕጣ የሚሰጣጡበትን የቅቤ እቁብ የሚሰበስቡ ትልቅ ሴት ናቸው። «እንዲህ እየሸረፍሽ ጨርሰሽው ለመስቀል ምን ልትይ ነው?» አሉ። እቴነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነ ነገር መለሰች። ከዚያ እትዬ ወለተ ሐና «ንገሪው፣ ልጄ» አሉ። እቴነሽ «አይሆንም» አለች።

አይሆንም አለች። በጆሮዬ ሰማሁ።

ጳጉሜ 1

ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ ይደረጋል። ጓዳውን ቆጠርኩት። ብልጫ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት ሸረፋ ሱቅ ሄድኩ። ሰው ነበር፤ እንዲሰማም ፈልጌ ነው። «ሚስቴ እዚህ ስንት ዱቤ አለባት?» አልኩት።

ሸረፋ የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። «እቴነሽ? አንድ ብር የለባትም። በጥሬ ገንዘብ ነው የምትገዛኝ።»

«ገንዘቡን ከየት አምጥታ?»

«ጋሽ ለማ፣ የቤትዎን ነገር ሱቅ በር ላይ አይጠይቁኝ።» ፊቱ ተለወጠ። ግን ሰው ሁሉ ስላፈጠጠ መሰለኝ፣ ወደ ጎን ሳበኝና «እህቴን ዘይባን ይጠይቋት፤ ቅቤዋን የምትገዛት እሷ ናት» አለኝ።

ዘይባ ገበያ ውስጥ ቅቤ ተራ ነው የምትቀመጠው። ሳልጠይቃት «የእቴነሽ ባለቤት!» ብላ ተቀበለችኝ። አዎ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ሸጣልኛለች አለች። አንድ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እያለ አምስት ኪሎ ደርሷል። «በፍልሰታ አትሽጪ፣ በጾም ቅቤ ይረክሳል፣ ለመስቀል አቆዪው፣ እጥፍ ያወጣል ብዬ መከርኳት። እንቢ አለች። ለሌላ ሰው እንኳ እንዲህ አልልም፣ ለንግዴም አይጠቅመኝ» አለች ዘይባ።

መረጋጋት ነበረብኝ። ዱቤ የለም፣ ሸረፋም ከደሙ ንጹሕ ነው። እኔ ግን ከቅቤ ተራ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ ሚስቴ ከእኔ የደበቀችው ንብረት አላት። ሃያ ሰባት ዓመት ስንቱን ያጋለጥኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ።

እቴነሽ ቤት አልነበረችም። እትዬ ወለተ ሐና ጋ ናት አሉኝ። ለመስቀል ቅቤ የሚያነጥሩበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ወንድ እዚያ ቤት አይገባም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ማንም ጽፎ አልሰጠንም። ገባሁ። ሰላምም አላልኩ። ሰባት ስምንት ሴቶች በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠዋል፣ ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ ኮሰረቱ ይሸታል።

«አንተ ለማ!» አሉ እትዬ ወለተ ሐና፣ «በጫማህ ቅቤ መሐል ትገባለህ?»

«ከእኔ ተደብቆ የሚሸጠው ቅቤ የማን ነው?» አልኩ። ጮኼ ነበር። «ሚስቴ የምታመጣው የማን ገንዘብ ነው? እኔ ቤት ሌባ አላሳደርኩም!»

ሌባ አልኩ። ሴቶቹ ፊት።

እቴነሽ ከመሐላቸው ተነሳች። «ለማ» አለች፣ «ሰው ፊት አታዋርደኝ። ቤታችን እንነጋገር።»

ይህን ያለችው ለበሩ ነው። እኔ ከበሩ አልፌ ምድጃው አጠገብ ቆሜያለሁ፤ እሷ ፊቷን ወደ በሩ ብርሃን አድርጋ፣ እጇን ወደዚያ ዘርግታ ነው የምትለምነው። እኔ ያለሁት በቀኟ በኩል ሦስት እርምጃ ርቄ ነው። «እዚህ ነኝ» አልኩ። ዞረች። አሁንም አላገኘችኝም፤ ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር የምታየው።

አንዷ በርጩማ አቀበለችኝ።

የነገሩኝ እትዬ ወለተ ሐና ናቸው፤ እቴነሽ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ግንቦት ላይ ሁለቱ አብረው አታት ሆስፒታል ሄደው አይኗን አሳይታለች። የአይን ግፊት ነው ተባለች። ጠብታ ተሰጣት፦ በየወሩ አንድ ብልቃጥ፣ ዘጠኝ መቶ ብር፣ ዕድሜ ልክ፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ። የቅቤ እቁቡ የመጨረሻ ዕጣ የእቴነሽ ስለነበር ሰባት ኪሎ ቅቤ ደረሳት። ለጠብታው ይሆናታል ብለው እሳቸው ጋ አስቀመጡላት። «ሐምሌ ላይ ያንን ወረቀትህን ሰጠሃት» አሉኝ። «ሰባት ቦታ ዞረች። በዚያ ዋጋ የሚሸጥላት ታጣ። የመጀመሪያውን ኪሎ ያን ቀን ሸጠች። ጠብታው ያለቀው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሌላ አልገዛችም።»

«አርባ ብር መለሰችልኝ እኮ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ ጠየቅኳት። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ያን ቀን ልነግርህ ነበር። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ቢኖርስ አልኩህ» አለች። «ከዚያ ደግሞ ከተካ ጋር ሻይ ጠጥተህ መጣህ። ያን ቀን ደስ ብሎህ ነበር። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሥራህን ተቀምተህ መጥተህ፣ ይህንንም አልቻልክበትም ልበልህ?»

«አይንሽ እኮ ነው!»

«አይኔ እስከ መስቀል ያቆየኛል ብዬ ነው» አለች። «ለመስቀል ቅቤ ሲወደድ የተረፈውን ሸጬ እንደገና እጀምራለሁ ብዬ ነው።»

የበላሁት አይኗን ነው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠግቤ።

ጳጉሜ 4

ሸረፋን ይቅርታ ለመጠየቅ ሄድኩ። «እኔ እኮ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው» አለኝ። «ደረጃው ላይ አንድ ቀን ወድቃለች። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ ወጥቼ አወርዳታለሁ።» ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሱቁ ያውቃል፣ ቅቤ ተራው ያውቃል፣ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ያውቃል። መቃኑን ስትመታ ያየኋት እኔ ነኝ። ምስር መልቀም ሲያቅታት የተቆጣኋት፣ መብራቱን ያጠፋሁባት እኔ ነኝ። እያየሁ ምን ነበር የማየው?

መስከረም 5 ቀን 2018፣ ሰኞ

አታት። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ ይዘን፣ ተራ ጠብቀን ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ጋ ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሁለቱንም አይን ለካች፣ አንድ ጊዜም ደግማ ለካች። ውጪ ልታናግረኝ ፈለገች፤ እቴነሽ «እዚሁ ይነገር» አለች።

ሞራ ቢሆን እንገፍፈው ነበር አለች ሐኪሟ። ይሄ ሞራ አይደለም። በግፊት የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የቀኙ አይን አልቋል። የግራው ከመሐል ትንሽ ቀርቶታል፤ እሱን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። «ግንቦት ላይ ሁለቱም ያዩ ነበር» አለች ካርዱን እያገላበጠች። «ጠብታው ተቋርጦ ነበር?»

«አልቆብኝ ነው» አለች እቴነሽ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት። «የሚገዛልኝ ሰው አጥቼ አይደለም። እኔ ነኝ የዘነጋሁት።»

ሐኪሟ ፊት ዋሸችልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይህንንም ልጻፈው፤ ዝም አልኩ።

መስከረም 8

ጠብታ፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እኔ ነኝ የማደርግላት። መጀመሪያ ቀን ጉንጯ ላይ አፈሰስኩት፣ ዘጠኝ መቶ ብር። «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አለችኝ።

ለተካ የበሬ ድርሻዬን ለሌላ ሰው እንዲሸጥልኝ ነገርኩት። «መስቀልን ያለ ሥጋ?» ብሎ ደነገጠ፤ በእኛ አገር ሰው ይህን የሚያደርገው ሐዘን ሲቀመጥ ነው። ያን አመጣልሃለሁ ያልኩህን ዝርዝር እርሳው አልኩት፤ ውሸት ነበር አልኩት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ። አልተቀየምኩትም።

ዮሲ በየወሩ እልካለሁ አለ። «እሺ» አልኩት።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ቦርሳውን መለስኩላት። ጠዋት ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት፣ የዚህ ወር ገንዘብ በሙሉ ውስጡ ነው። ዝርዝር የለም። በቃል ነው የምትይዘው፤ ለካ ሠላሳ አንድ ዓመትም በቃሏ ነበር የያዘችው። «ይሄ ሁሉ ለምን?» አለች። «ያንቺ ሥራ ነው» አልኳት።

አብረን ገበያ ወጣን። ክንዴን ይዛለች። ሽንኩርት ስትገዛ በእጇ እየዳበሰች አንድ በአንድ መረጠች፤ ሻጯ የበሰበሰ ልትጨምርባት ስትል ያዘቻት። ጎመን ገዛን፣ ቆጮ ገዛን። ዘይባ ጋ ስንደርስ ከቀረው ቅቤ ግማሽ ኪሎ ለራሳችን አስቀርታ ሌላውን ሸጠች። ዋጋው እንደተባለው ወጥቷል። ዘይባ ብሮቹን ቆጥራ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች።

እቴነሽ ብሮቹን በጣቷ ለየቻቸው። አንዱን ወደ ግራ አይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው። ሰው ይገፋፋናል። ከዚያ ተወችውና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ።»

አጥፋ በግራ እጇ ያዘችው።

«ይሄስ?»

«መቶ ነው።»

ለየብቻው አደረገችው። «ይሄስ?» አለች፤ ነገርኳት። ዘጠኙንም እንዲህ አንድ በአንድ አቀበለችኝ፣ እኔም አየሁና መለስኩላት። አንዱንም ደግማ አልጠየቀችኝም። ለዘይባም «እውነቱን ነው?» አላለቻትም። ሁሉንም ቦርሳው ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችና ክንዴን ፈልጋ ያዘች።

«እንሂድ» አለችኝ፣ «መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ።»